የቡቺ ዓይን ለምን ቢጫ ሆነ?

የዛሬው ወጋችን ስለ ውሻ ጉበት ነው። «ሲስተር የሰው በሽታ አለቀባትና ወደ ውሻ ዞረች» እንዳትሉኝ። እስከ መጨረሻው ከታገሣችሁኝ ነገሩ ዞሮ ዞሮ ልጆቻችን የገንፎ ሳህን ላይ እንደሚያርፍ ታያላችሁ። ደግሞም በዚህ ታሪክ ውስጥ ጥፋተኛዋ እኔው ነኝ፤ ስለዚህ ሳልሸፋፍን ልንገራችሁ።

ቡቺ የስድስት ዓመት ውሻችን ነው። እናቱ የሐበሻ፣ አባቱ የፈረንጅ ውሻ ነው ተብሎ የመጣልን። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ምግቡን መተው ጀመረ። ሳህኑን ልሶ የሚገለብጥ የነበረ ውሻ አሽትቶ ጥሎት ይሄዳል። ክረምት ነው፣ ብርድ ነው፣ ሰልችቶት ነው እያልን አንድ ሳምንት አለፈ። ከዚያ ውሃ ማብዛት ጀመረ፤ የሚጠጣውን ያህልም ይሸናል። ሁለት ሦስት ጊዜ አስመለሰው። ጆሮውን ስነካው የሚያተኩስ መሰለኝና እንደ ልማዴ ወደ መድኃኒት ሳጥኔ ሄድኩ። ፓራሲታሞል ግማሽ ፍሬ ጠዋት፣ ግማሽ ፍሬ ማታ፣ በሥጋ ጠቅልዬ ለሁለት ቀን ሰጠሁት። ለሰው መድኃኒት ስሰጥ ዕድሜዬን ፈጅቻለሁ፤ ለውሻ ሲሆን ግን ማንንም አልጠየቅሁም።

በሦስተኛው ቀን የዘጠኝ ዓመቱ የልጅ ልጄ ከግቢ እየሮጠ ገባ። «እቴቴ፣ የቡቺ ዓይን እንደ እንቁላል አስኳል ሆኗል!» አለኝ። ወጥቼ አየሁት። የዓይኑ ነጭ ቢጫ ነው። የጆሮውን ውስጥ ገልጬ አየሁ፣ ቢጫ ነው። ከንፈሩን ከፍ ሳደርግ ድዱም ያው ነው። ሽንቱ ያረፈበት ሲሚንቶ ላይ የጠቆረ ሻይ የፈሰሰ ይመስላል። ጎረቤቴ መጥታ አይታው «ይሄማ የወፍ በሽታ ነው፤ ቅጠሉን ጨምቄ ላምጣልሽ» አለች። እሱን እንኳ እምቢ አልኩ። በሥራ ዘመኔ ለወፍ በሽታ ተብሎ የተጨመቀ ቅጠል ጠጥተው ጉበታቸው የባሰበት ሰዎች አይቻለሁና።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። ቡቺ ግድግዳው ሥር ቆሞ ግንባሩን ግድግዳው ላይ ተጭኖ አልነቃነቅ አለ። ስንጠራው አይሰማም፤ ሲራመድ በአንድ ወገን ይዞራል። ዘበኛችን ዱላውን አንሥቶ «እትዬ፣ ይሄ አብዷል፤ ልጆቹን ሳይነክስ ይገደል» አለኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈራሁ። ልጆቹን ቤት ከትቼ፣ በሩን ቆልፌ፣ ቡቺን ማንም እንዳይነካው አዝዤ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ደወልኩ።

ሐኪሙ ከልጆቼ የሚያንስ ወጣት ነው። ገና ከበር እንደገባ የጠየቀኝ የጥያቄ ሁሉ የመጀመሪያ «ሲስተር፣ የእብድ ውሻ ክትባቱን መቼ ወሰደ? ካርዱ አለዎት?» የሚል ነበር። ካርዱን አመጣሁለት፤ ክትባቱ አላለፈበትም፤ በቅርቡም በሌላ ውሻ አልተነከሰም። እሱን ካረጋገጠ በኋላም ቢሆን ጓንት አጥልቆ፣ አፉን በገመድ አስሮ ነው የቀረበው። ይህንን አስምሩበት። ጠባዩ የተለወጠ ውሻ ሁሉ ያበደ አይደለም፤ ያላበደ መሆኑን የምናውቀው ግን እኛ አይደለንም። ምራቁን፣ አፉን አትንኩ። የነከሰው ወይም የቧጨረው ሰው ካለ ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውሃ 15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት።

ታዲያ ካላበደ ግንባሩን ግድግዳ ላይ ምን አስጫነው? ሐኪሙ እንዳስረዳኝ፣ ጉበት ከአንጀት የሚመጣውን ደም ያጣራል። ከምግብ የሚወጣውን አሞኒያ የሚባል መርዝ ወደ ዩሪያ ለውጦ በሽንት እንዲወጣ ያደርጋል። ጉበት ሲደክም መርዙ ወደ አንጎል ይሄዳል፤ እንስሳው ይደነዝዛል፣ ይዞራል፣ ግድግዳ ይደገፋል። እኛም ሆስፒታል ውስጥ በጉበት በሽታ የደከሙ ሰዎች ቀንና ሌሊት ሲምታታባቸው እናይ ነበር። ያው ነው።

ቀጥሎ ሐኪሙ «ምን ይበላል? ምንስ መድኃኒት ሰጥታችሁታል?» አለኝ።

«የቤት ትራፊ ነው የሚበላው። መድኃኒት ምንም አልሰጠነውም» አልኩት።

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ስንት እናቶችን «ለልጁ ምን አጠጣሽው? ንገሪኝ እንጂ!» ብዬ የተቆጣሁ ሴት፣ ወጣቱ ሐኪም እንዳይታዘበኝ ብዬ ዋሸሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን ተረት ለሰው ስተርት ኖሬ ለራሴ ሲደርስ ረሳሁት።

ምርመራው ምን ይመስል እንደነበር በቅደም ተከተል ልንገራችሁ፤ የእናንተም ውሻ ቢታመም ምን እንደሚደረግ እንድታውቁ።

የወፍ በሽታ የምንለው በራሱ በሽታ አይደለም፤ ምልክት ነው። ያረጁ ቀይ የደም ሕዋሳት ሲፈርሱ ቢሊሩቢን የሚባል ቢጫ ነገር ይወጣል። ጉበት ይህን ተቀብሎ ከሐሞት ጋር ወደ አንጀት ይልከዋል። ስለዚህ ዓይን ቢጫ ከሆነ ጥፋቱ ከሦስት ቦታ በአንዱ ነው። ከጉበት በፊት ሊሆን ይችላል፤ ለምሳሌ መዥገር የሚያስተላልፈው ባቤዥያ የሚባል ተውሳክ ቀይ ደሙን በብዛት ሲያፈርሰው። ራሱ ጉበቱ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ወይም ከጉበት በኋላ፣ የሐሞት መውረጃው ሲዘጋ። በሦስተኛው ጊዜ ዓይነ ምድሩ ቀለሙን አጥቶ እንደ ጭቃ ወይም አመድ ይነጣል።

ሐኪሙ ሆዱን ዳሰሰ፣ ድዱን ተጭኖ የደሙን አመላለስ አየ፣ መዥገር ፈለገ፣ ሙቀቱን ለካ። ትኩሳት አልነበረውም! ለውሻ 38.5 ዲግሪ አካባቢ ጤናማ ሙቀት ነው። በእጄ «ያተኩሳል» ያልኩት የጤነኛ ውሻ ሙቀት ነበር። ፓራሲታሞሉን የሰጠሁት ላልነበረ ትኩሳት ነው።

ከዚያ ከፊት እግሩ ደም ቀዳ። መርፌውን ሲያወጣ ደሙ ቶሎ አልቆም አለ። ጥጥ ተጭነን ብዙ ደቂቃ ቆየን። ሐኪሙ ፊቱ ሲለወጥ አየሁ፤ እኔም ገባኝ። ደም የሚያረጉትን ነገሮች የሚሠራው ጉበት ነው። ደም አልቆም ካለ ጉበቱ መጎዳቱ ብቻ ሳይሆን ሥራውን እያቆመ ነው ማለት ነው።

የደሙን ውጤት በማግስቱ አብረን አነበብነው። እኔ በሥራ ዘመኔ ኤስ.ጂ.ፒ.ቲ እያልኩ የማውቀው፣ ዛሬ ኤ.ኤል.ቲ የሚባለው፣ ከወሰኑ ስምንት እጥፍ ሆኗል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ለሰው የተጻፈው ወሰን ለውሻ አይሠራም። ወረቀቱን ይዞ ለሰው ሐኪም ወይም እንደ እኔ ላለች ጡረተኛ ነርስ ማስነበብ ያሳስታል። ሐኪሙ ያስረዳኝን በአጭሩ ላስቀምጥላችሁ።

ኤ.ኤል.ቲ ከፍ ሲል የጉበት ሕዋሳት እየተጎዱ ነው ማለት ነው። ጉበቱ ምን ያህል እየሠራ እንደሆነ ግን አይናገርም። ኤ.ኤል.ፒ የሚባለው ደግሞ ሐሞት ሲታገድ ከፍ ይላል፤ ነገር ግን ለእከክ ተብሎ ስቴሮይድ በተወጋ ውሻና አጥንቱ ገና በሚያድግ ቡችላ ላይም ከፍ ስለሚል ብቻውን አይታመንም። የጉበቱን ሥራ የሚነግሩን ሌሎቹ ናቸው፦ ቢሊሩቢን፣ አልቡሚን የሚባለው የደም ፕሮቲን፣ ስኳር፣ ዩሪያ፣ ኮሌስትሮልና የደም መርጊያ ጊዜ። የቡቺ አልቡሚን ወርዷል፣ ኮሌስትሮሉ ወርዷል፣ ደሙ የሚረጋበት ጊዜ ረዝሟል።

ሽንት ላይም የተማርኩት አለ። በሰው ሽንት ውስጥ ቢሊሩቢን ከተገኘ እንደነግጣለን። በውሻ፣ በተለይም በወንድ ውሻ፣ ትንሽ ቢገኝ ጤና ነው፤ ሲበዛ ነው ሥጋቱ። ዓይኑ ገና ቢጫ ባልሆነ፣ ግን በሚጠረጠር ውሻ ላይ ደግሞ «የሐሞት አሲድ» የሚባል ምርመራ አለ። ውሻው 12 ሰዓት ያህል ጾሞ አንድ ደም ይቀዳል፤ ከበላ ከሁለት ሰዓት በኋላ ሁለተኛ ይቀዳል። ለቡቺ ይህ አላስፈለገም፤ ዓይኑ ራሱ ተናግሯል።

የደም ፊልሙ ላይ የመዥገር ተውሳክ አልታየም፤ ቀይ ደሙም ብዙ አልወረደም። የመጀመሪያው በር ተዘጋ። በአልትራሳውንድ ሲታይ የሐሞት መውረጃው ክፍት ነው። ሦስተኛውም በር ተዘጋ። የቀረው ጉበቱ ራሱ ነው። ከጉበቱ ቁራጭ ወስዶ በማይክሮስኮፕ ማየት ብዙ ጊዜ የመጨረሻውን መልስ ይሰጣል፤ ደሙ በማይረጋ እንስሳ ላይ ግን መርፌ መስደድ ራሱ ሊገድል ስለሚችል ሐኪሙ አልደፈረም። አላስፈላጊ ድፍረት አለማሳየቱ አስከበረው እኔ ዘንድ።

አንድ ሌላ ሥጋትም ነበረው። ሌፕቶስፓይሮሲስ የሚባል በአይጥ ሽንት የሚተላለፍ በሽታ ጉበትና ኩላሊት ያጠቃል፤ ከውሻ ሽንትም ወደ ሰው ይሻገራል። ስለዚህ ውጤቱን ሳይጠብቅ መድኃኒቱን ጀመረለት፤ እኛንም ሽንቱን በጓንትና በበረኪና እንድናጸዳ፣ ልጆቹም እንዳይቀርቡት አዘዘን። «ሄፓታይተስ ከሆነ ልጆቹን ይይዛቸዋል?» ብላ ልጄ ጠየቀችው። የውሻ ሄፓታይተስ የሚባለው ቫይረስ የሰው ሄፓታይተስ አይደለም፤ ወደ ሰውም አይተላለፍም። ለውሾች በቡችላነታቸው ክትባት አለው፤ ቡቺም ተከትቧል።

ከዚያ ሐኪሙ ወረቀቱን አስቀምጦ አየኝ። «ሲስተር፣ ይህን ጉበት አንድ ነገር ነክቶታል። ምን እንደሆነ ደሙ አይነግረኝም። እናንተ ናችሁ የምትነግሩኝ» አለ።

ፓራሲታሞሉን ነገርኩት። አፈርኩ። እሱ ግን አልተቆጣኝም። «በታመመ ጉበት ላይ መጨመሩ ጥሩ አልነበረም፤ ሁለተኛ እንዳይሰጡ። ድመት ቢሆን ኖሮ አንድ ፍሬ እንኳ ሊገድል ይችላል። ግን ምግብ የተወው ከዚያ በፊት ነው ብለውኛል፤ ስለዚህ መነሻው ሌላ ነው» አለኝ።

ዝም አልን። ያን ጊዜ የልጅ ልጄ ከበሩ ላይ «እቴቴ፣ ያ የሻገተው ገንፎ ይሆን?» አለ።

ሠራተኛችን ተጠራች። «እትዬ፣ ረሱት እንዴ? ጣሪያው አፍስሶ የበቆሎ ዱቄቱ ጆንያ ሲርስ፣ ሸትቷል ምን ላድርገው ብዬ ጠይቄዎት ነበር። ለውሻው ይሁን አሉኝ» አለች። ረስቼው ነበር። ቡናዬን እየጠጣሁ ያልኩት ቃል ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ ለሦስት ሳምንት ያህል፣ ቡቺ ያንን ዱቄት በየቀኑ ሲበላ ከርሟል።

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። በቆሎና ኦቾሎኒ በእርጥበት ሲሻግቱ አስፐርጂለስ የሚባል ሻጋታ አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ሊያመነጭ ይችላል። ይህ መርዝ ዓላማው ጉበት ነው፤ ውሻ ደግሞ በቀላሉ ይጎዳበታል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በአሜሪካ ደቡብ ውሾች በጉበት በሽታ ሲሞቱ ሐኪሞቹ ምክንያቱን ስላላወቁ «ሄፓታይተስ ኤክስ» ብለውት ነበር። በ1960 በእንግሊዝ አገር ከ100,000 በላይ ተርኪ የሚባሉት ትልልቅ ዶሮዎች የኦቾሎኒ ፋጉሎ በልተው ካለቁ በኋላ ነው መርዙ የታወቀው፤ የውሾቹም ምክንያት ያው እንደነበር በኋላ ተደረሰበት።

ዶሮና ውሻ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 በጎረቤታችን ኬንያ የሻገተ በቆሎ የበሉ ሰዎች በዚሁ መርዝ ታመዋል፤ ከተመዘገቡት 317 ሕሙማን 125ቱ ሞተዋል። በእኛም አገር በአዲስ አበባ ዙሪያ በተደረገ ጥናት መርዙ በወተት ውስጥ ተገኝቷል፤ ላሞቹ በዋናነት ከኑግ ፋጉሎ የወሰዱት ነው። በትንሽ በትንሹ ለዓመታት የተወሰደ አፍላቶክሲን የጉበት ካንሰር ያመጣል፤ ሄፓታይተስ ቢ ባለበት ሰው ላይ ደግሞ አደጋው ይብሳል።

ሠራተኛችንን የመጨረሻውን ጥያቄ ስጠይቃት ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር። «ከዚያ ጆንያ ለልጆቹ ሠርተሻል?» «የላዩ ደህና ስለነበር ነፍቼ ሁለት ጊዜ ገንፎ ሠርቼላቸዋለሁ፤ ከዚያ ሽታው ሲብስ ተውኩት» አለች። እሷ ምን ታድርግ? እኔ መርዝ ነው አላልኳትም። መንፋትና ማጠብ መርዙን አያጠፋውም። ማብሰልም አያጠፋውም፤ ከድስት ሙቀት የሚበረታ ነው። ሻጋታው ለዓይን ሳይታይም መርዙ ሊኖር ይችላል።

ልጆቹን በማግስቱ የሕፃናት ሐኪም ዘንድ ወሰድናቸው። ደማቸው ተመረመረ፤ ጉበታቸው ደህና ነው። እግዚአብሔር ይመስገን። እኔ ግን ያን ሌሊት አልተኛሁም። «ለውሻው ይሁን» ብዬ ያልኩት ቃል ለልጅ ልጆቼ ሊሆን ትንሽ ቀርቶት ነበር።

ቡቺስ? ዱቄቱ ስላልተመረመረ ሐኪሙ እስከ ዛሬ «በጣም የምጠረጥረው ይህን ነው» ይላል እንጂ «ተረጋግጧል» አይልም፤ ትክክል ነው። ግሉኮስና ቫይታሚን ኬ በመርፌ፣ ለድንዛዜው ላክቱሎስ ሽሮፕ፣ ለምግቡ አይብና እንቁላል በትንሽ በትንሹ ተሰጠው። አራት ቀን በሕይወትና በሞት መካከል ነበር። በአምስተኛው ቀን ራሱ ተነሥቶ ውሃ ጠጣ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ደሙ ሲታይ ኤ.ኤል.ቲው ብዙ ወርዷል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አልተመለሰም። ጉበት ራሱን የሚጠግን አካል ቢሆንም ጠባሳ ሊቀርበት ይችላል። በየጊዜው እናስመረምረዋለን።

እንግዲህ ለቤታችሁ የሚሆነውን ላስቀምጥ።

አንደኛ፣ ውሻችሁ ከሁለት ቀን በላይ ምግብ ከተወ፣ ከተደጋገመበት ትውከት፣ ከበዛ ውሃ መጠጣት፣ ከከሳ ወይም ሆዱ ውሃ ቋጥሮ ከተነፋ አትጠብቁ። ጉበት አብዛኛው ክፍሉ እስኪጎዳ ድረስ ችሎ ስለሚሠራ ምልክቱ የሚታየው ዘግይቶ ነው። ዓይኑን በቀን ብርሃን እዩ፤ አምፖል ያሳስታል። ፀጉሩ ጥቁር ከሆነም የጆሮው ውስጥና የዓይኑ ነጭ አይዋሹም። ድዱን ግን ለሐኪሙ ተዉለት፤ እኔ ያደረግሁትን አታድርጉ።

ሁለተኛ፣ ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ የክትባት ካርዱን፣ የሰጣችሁትን መድኃኒት ሁሉ ከነማሸጊያው፣ የሚበላውንም ምግብ ናሙና ይዛችሁ ሂዱ። እኛ ዱቄቱን ቸኩለን ስለጣልነው ማስመርመር አልቻልንም። ልጆቹን ጠይቁ፤ ግቢ ውስጥ የሚሆነውን ከእኛ ይልቅ የሚያዩት እነሱ ናቸው።

ሦስተኛ፣ የሰው መድኃኒትና የቅጠል ጭማቂ ለውሻ ከራሳችሁ አትስጡ።

አራተኛ፣ የሻገተ እህል፣ የሻገተ ዳቦ፣ የሻገተ እንጀራ ለውሻም፣ ለዶሮም፣ ለላምም አይሁን። በዶሮው እንቁላልና በላሟ ወተት ወደ እኛው ሊመለስ ይችላል። ጆንያውን ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ፣ ከግድግዳ አርቃችሁ አስቀምጡ፤ እህሉ በደንብ ሳይደርቅ ወፍጮ ቤት አትላኩት። የሻገተውን ስትጥሉ እንስሳ በማያገኘው ቦታ ቅበሩት።

ሠራተኛችን ባለፈው ሳምንት ደግሞ አንድ ሰሃን ኦቾሎኒ ይዛ መጣች። «እትዬ፣ ይሄ ትንሽ ሻገት ብሏል፣ ምን ላድርገው?» አለችኝ። ተነሥቼ ከእሷ ጋር ጉድጓድ ቆፈርን። ቡቺ ከዳር ቁጭ ብሎ ሲያየን ነበር።

የበዓል በግ ስታርዱ ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ነገር ካያችሁ ለውሻ አትወርውሩት፤ እሱም እንዲሁ ይቀበር። ለምን እንደሆነ በሚቀጥለው ሳምንት እነግራችኋለሁ። እስከዚያው ደህና ሰንብቱልኝ።